ላቱ የማይለው ሰው

ኢምፒ ቫራላ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚህ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ ሳትጨነቅ የዋለችበት ቀን ካለ እሷም አታስታውሰውም። ጭንቀቷ ደግሞ ሩቅ አይሄድም፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የልጅ ልጇ ታርሞ ላይ ነው። ታርሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የበሩን መቃን የሚነካ ጎልማሳ ነው። ለእሷ ግን ዛሬም አንገቱን ሳይሸፍን ብርድ ውስጥ የሚወጣ ልጅ ነው። ሲወጣ በመስኮት ትሸኘዋለች፤ ሲቆይ ትደውልለታለች፤ ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ እንዳላሰበችው ሆና ድንች ትልጣለች።

ያሳደገችው እሷ ናት። እናቱ ሲርካ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ስዊድን ፋብሪካ ልትሠራ ሄደች፤ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው ብላ እዚያው ቀረች። ታርሞ አያቱን እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ "ሙሞ" ይላታል። ትንሽ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ግን "እማ" ያላት ጊዜ አለ፤ ኢምፒ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በሃውኪቫራ መንደር በረዶው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ መሬት ላይ ይተኛል፤ ልጅ በእግሩ መሄድ እንደቻለ የበረዶ መንሸራተቻው፣ ስኪ ላይ ይቆማል። ታርሞ አንዴ ከቆመ በኋላ አልወርድም ያለ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት በስኪ ይሄዳል፣ በስኪ ይመለሳል፣ ወተቱን በቁሙ ጠጥቶ ደግሞ ሐይቁን አቋርጦ ይጠፋል። በሃያ ዓመቱ ብሔራዊ ቡድን ገባ። በሃያ ስድስት ዓመቱ በዓለም ሻምፒዮና በሃምሳ ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳሊያ አመጣ። መንደሩ ያን ዕለት ቀዝቅዞ በጠጠረው ሐይቅ ላይ ቤት የሚያክል እሳት አነደደ።

ኢምፒ ውድድር ማየት አይሆንላትም፤ ልቧ አይችለውም። ታርሞ ሲወዳደር ጋጣ ውስጥ ከላሞቿ ጋር ትደበቅ ነበር። ቴሌቪዥኑን የምታይላት ጎረቤቷ ሳይማ ነበረች፤ ውጤቱን ከግቢው ማዶ ትጮህላታለች። የብሩን ዜና ያበሰረቻትም ሳይማ ናት፤ ጫማ ማድረግ ረስታ በካልሲ በረዶ ላይ እየሮጠች መጥታ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ታርሞ ተመረመረና አበረታች ቅመም ተገኘበት።

ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ምንም አልወሰድኩም አለ። ላቦራቶሪው ነው የተሳሳተው አለ፣ ጠበቃ ያዘ፣ ተከራከረ፣ ተረታ። ሁለት ዓመት ታገደ። ሲመለስ እግሩ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው፤ ሁለት ክረምት ከኋላ ከኋላ ሲጎተት ቆይቶ ተወው። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ እንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል። ቃሉን ግን አልለወጠም። አልወሰድኩም።

የጠየቀውም የለም። በዚያ አገር ሰው ራሱ ያልነገረህን ነገር መጠየቅ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ እንደ መበርበር ነው፤ ልጆች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የሞከረችው ሳይማ ብቻ ናት። ዜናው በተሰማ በሁለተኛው እሁድ፣ ከጸሎት በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ሳይማ ወደ ኢምፒ ጎንበስ ብላ ልጁ ነገሩን ቢናገረው አይቀለውም ወይ አለቻት። ኢምፒ ስኒዋን አስቀመጠችና ብድግ አለች።

"በዚህ ቤት ቆሜ እምላለሁ" አለች፣ ሃምሳ ሰው እየሰማ። "የእኔ ልጅ አንዲት ጠብታ አልወሰደም።"

ከዚያ ሰው ሁሉ ሄል የገባበትን ዳቦውን ማኘክ ቀጠለ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ፤ ይኸው ሰባት ዓመታቸው።

ክፋቱ፣ ኢምፒ ስትምል ታውቅ ነበር።

ከመያዙ በፊት በነበረው ክረምት ታርሞ ለልምምድ እሷ ዘንድ ሲሰነብት፣ ፍሪጁ ውስጥ ከማርማላታዎቹ ጀርባ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይቀመጥ ነበር። ቫይታሚን ነው ብሏታል። አንድ ቀን ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ትንንሽ ብልቃጦችና ቀጫጭን መርፌዎች። አርባ ዓመት ላም ያረባች፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ስንት ጥጃ ያዋለደች ሴት ናት፤ ቫይታሚን እንዲህ ተደብቆ እንደማይቀመጥ አይጠፋትም። ወረቀቱን እንደነበረ ጠቀለለችው። የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ከለለችበት። ለራት የዓሣ ሾርባ ሠራችለት፣ ቅቤ ጨመር አድርጋ።

ብጠይቀው ይነግረኛል ብላ ፈራች። ከነገራት ደግሞ አላወቅሁም ማለት አይቻልም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ከሄደ በኋላ፣ በየካቲት ወር በአንድ ሰኞ ቀን የስኪ ክበቡ ሊቀ መንበር ራይሊ መጣች። ራይሊ ነገር አታንዛዛም፤ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"አሥራ ሰባት ልጆች አሉኝ፣ አሰልጣኝ የለኝም" አለችው ታርሞን። "ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ በዚህ ወረዳ የለም። ግን ወላጆቹ ከአፍህ መስማት ይፈልጋሉ። ያንን የቴሌቪዥኑን አይደለም። ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ ና።"

ታርሞ አስብበታለሁ አላት። ኢምፒ ግን ፊቱን እያየች ነበር፤ የልጆቹ ነገር ሲነሣ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ራይሊ ከወጣች በኋላ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ሙሞ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ—"

"ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብላ።"

በላ። በልቶ ሲጨርስ የነገራት ሌላ ነገር ነው። ስብሰባው ላይ አይገኝም። ለእናቱ ደውሎላታል፤ እሷ ባለችበት በስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ የመጋዘን ሥራ ተገኝቷል፣ ዓርብ ይሄዳል። ለስንት ጊዜ ነው ስትለው፣ ለአንድ ክረምት አላት። ኢምፒ ይህችን "አንድ ክረምት" ድሮም ሰምታታለች። ሰሐኑን አንሥታ ማጠብ ጀመረች፣ ንጹሑንም ጭምር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤቱ አላስቀምጥ አላት። አሮጌ ስኪዋን አድርጋ ጫካ ገባች። ጫካው ውስጥ በረዶው ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩት ሁለት ቦዮች፣ ስኪው የሚሄድባቸው፣ ላቱ ይባላሉ። ቃሉ ጩኸትም ነው። ፈጣኑ ከኋላ ሲደርስ "ላቱ" ይላል፤ ከፊት ያለው ወጥቶ ያሳልፈዋል። ፕሬዚዳንቱም ቢሆን ይወጣል፤ ማንም አይቀየምም። የተኳረፈ ሰው እንኳ ይባባለዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ ኢምፒ ከሳይማ አፍ የሰማችው ቃል ይህ ብቻ ነው፤ እሷም ለሳይማ ከዚህ ሌላ ያለቻት የለም።

ያን ቀንም ከኋላዋ "ላቱ!" ሲል የታወቀው ድምፅ መጣ። ኢምፒ ወጣች። ሳይማ ግን አላለፈችም። አጠገቧ ስትደርስ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"የድንች ጋሪ እንኳ ከአንቺ ይፈጥናል" አለች።

ኢምፒ መልስ ላለመስጠት አስባ ነበር፤ አፏ ቀደማት። "አንቺ እኮ ጉልበትሽ ውስጥ ብረት አስገብተሻል። የእኔ እናቴ የሰጠችኝ ጉልበት ነው።"

"እንግዲያው እኔንም አስመርምሪኛ።"

ሳይማ የተናገረችው ነገር የገባት ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። አንዲት ወፍ ከቅርንጫፍ ስትነሣ በረዶ ረገፈ። ሳይማ በምርኩዟ መሬቱን ወጋ ወጋ አደረገች።

"ለክፋት አይደለም" አለች በመጨረሻ። "የቆምኩት ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ልጅሽን ምን አድርገነው ነው?"

"ምን አደረጋችሁኝ አለ?"

"እሱማ ምን ይናገራል። ከኋላዬ ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ አመጣጡ ጠፍቶኝ አያውቅም። ልወጣለት ተዘጋጅቼ ላቱ እስኪለኝ እጠብቃለሁ። አይልም! ከመንገዱ ወጥቶ፣ እስከ ጭኑ በረዶ ውስጥ እየሰመጠ፣ በዛፎቹ መሃል ዞሮኝ ያልፋል፤ ፊቱን አዙሮ። ሁሉንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። እኔና አንቺ እንኳ እንባባለዋለን፣ ኢምፒ። መንደሩ ኮርቶብናል ነው የሚለው፤ አንዲት ቃል እንኳ ነፈገን።"

ኢምፒ ባለችበት ቀረች። ባለፈው ክረምት ሱሪው እስከ ጭኑ ረጥቦ ገብቶ ነበር፤ አንዴም አይደለም። ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ "ሰውን መንገድ ልቀቅልኝ የምልበት ፊት የለኝም ሙሞ" አላት። እሷ ደግሞ ቶሎ ብላ ካልሲህን ቀይር፣ ትታመማለህ አለችው። ካልሲውን ቀየረ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

"ኮርቶ አይደለም" አለች።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ለምን አልጠየቃችሁትም?"

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽውም?" አለች ሳይማ። "እኔ አንድ ቀን ልጠይቅ ብል ማልሽብኝ።"

ኢምፒ ዙሩን ሳትጨርስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስትመለስ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ታርሞ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ውስጥ ስኪ ሰም እየቀባ ነበር፤ ይዞት የማይሄደውን ስኪ። ሰሙን በካውያ እያቀለጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሳበ፣ ሳይጣደፍ። ኢምፒ አልገባችም። ከገባች የምትጠርገው ወይም የምታጣጥፈው ነገር እንደምታገኝ ስለምታውቅ በሩ ላይ ቆመች።

"ታርሞ" አለች። "ወስደሃል ወይ?"

ካውያው ስኪው ላይ ቆመ። ታርሞ በሕይወቱ ካውያ አቁሞ አያውቅም፤ ስኪውን ይጎዳዋል። ሰሙ መጨስ ጀመረ። ካውያውን አንሣ ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

"አዎ" አለ። "ሦስት ክረምት።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ከማርማላታው ጀርባ የነበረውን። ገልጬ አይቼዋለሁ።"

ያን ጊዜ ካውያውን አነሣ። ስኪው ላይ የተቃጠለ ምልክት ቀርቷል፤ ታርሞ የሚያየው እሷን ሳይሆን እሱን ነው።

"አይተሽ ነው አዳራሹ ውስጥ የማልሽው?"

"አዎ።"

"መጀመሪያ የዋሸሁት ፈርቼ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሳምንት ሳይሞላኝ ልናገር ብዬ ነበር። ከዚያ ሙሞ ምላልሃለች አሉኝ። ሙሞን ሰው ፊት ሐሰተኛ ላድርጋት? አልኩ። አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ኖሮ…"

"ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበራ" አለች ኢምፒ። "እሱን ነው የፈራሁት።"

ተቆጣ። በዕድሜው ሙሉ ተቆጥቷት የማያውቅ ልጅ፣ ድንች፣ ዓሣ፣ ካልሲ እያልሽ ሰባት ዓመት አፌን ዘጋሽው አላት። እንደ ዕቃ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ከተትሽኝ አላት። ትክክል ነበር። ቆማ ሰማችው። ቁጣው ሲበርድለት ካውያውን ከመሰኪያው ነቀለና ሐሙስ እሄዳለሁ አላት። የት እንደሆነ መጠየቅ አስፈራት። ጠየቀች።

"ስብሰባው ላይ ነዋ።"

ረቡዕ ዕለት ኢምፒ ራሷ ለሲርካ ደወለች። ታርሞ ዓርብ ላይመጣ ይችላል አለቻት። ሲርካ አልጋ ገዝቼለታለሁ አለች፤ ከዚያ አንቺ እኮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ይዘሽዋል አለች። ኢምፒ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሲርካ ስታወራ ትስል እንደነበር ትዝ አላትና እንደገና ደውላ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አለቻት።

ሐሙስ ከሥራ ሰዓት በኋላ የክበቡ ጎጆ ሞላ። ምድጃው ነድዷል፤ የረጠበ ሱፍ ሽታ ክፍሉን ይዞታል። ኢምፒ ከኋላ ወንበር ስትፈልግ ሳይማ ቦርሳዋን ከአጠገቧ አነሣችላት፣ ምንም ሳትል። ታርሞ ሲናገር ከሦስት ዓረፍተ ነገር አላለፈም። ሦስት ክረምት ወስጃለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያም ዋሽቻለሁ።

መጀመሪያ የተነሣው ኬዮ ነው፤ መሰንጠቂያው ላይ አብሮት የሚሠራ፣ የአንዲት ልጅ አባት።

"ሦስት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ምሳ በልተናል" አለ። "ፊቴ ላይ ዋሽተኸኛል።"

"አልጠየቅኸ…" ብሎ ጀመረ ታርሞ፤ ራሱም አቋረጠው። "ዋሽቻለሁ" አለ።

ኬዮ የሴት ልጁን ስም ከራይሊ ወረቀት አሰርዞ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ኢምፒ ተከትላው ልትወጣ፣ ልትለምነው ብድግ አለች። ሳይማ እጅጌዋን ያዘቻት።

"ተይው፣ መብቱ ነው" አለቻት።

ተወችው። ግን አንዴ ተነሥታለች፤ ሰው ሁሉም ዞሮ እያያት ነው።

"እኔም ምዬላችሁ ነበር" አለች። "ብልቃጦቹ የእኔ ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ። አይቻቸው ነው የማልኩት። ልጁ እንዳይናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መሐላዬን ከእሱ ላይ አንሡልኝ።"

አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆኖ፣ "የቀረ የሚናዘዝ አለ? አውቶቡሴ ሊያመልጠኝ ነው" አለ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሳይማ አልሳቀችም። ጣቶቿ ላይ እየቆጠረች ነበር።

"ሦስት ክረምት ነው ያልከው" አለች ታርሞን። "የብር ሜዳሊያውም?"

ታርሞ ያየው ሳይማን ሳይሆን አያቱን ነው።

"ብሩም" አለ።

ኢምፒ ይህን አልቆጠረችውም ነበር። ብልቃጦቹን ያየችው በመጨረሻው ክረምት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ንጹሕ ነው ብላ ለራሷ አስቀምጣው ነበር። ሐይቁ ላይ የነደደውን እሳት፣ ያን ቀን ጋጣ ውስጥ ላሟን አቅፋ ያነባችውን እንባ። እሱም ሄደ። ቁጭ አለች። ሳይማ በካልሲ የሮጠችው ለዚያው ብር ነበር፤ የኢምፒን እጅጌ ግን አልለቀቀችም።

ራይሊ እጅ አስወጣች። ታርሞ ያሠልጥን ያሉት በአራት ድምፅ በለጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሰባቱ ልጆች ዘጠኝ መጡ። ኢምፒ ከክበቡ ጎጆ በር ሆና ቆጠረቻቸው፤ ደግማ ብትቆጥራቸው አልጨመሩም። ታርሞ መጀመሪያ ያስተማራቸው አወዳደቅ ነው። ዘጠኙም በየተራ በጎናቸው እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ በረዶ ለበሱ። ኢምፒ ትንንሾቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይህ አበዛው አለች፤ ሳይማ ዝም በይ አለቻት።

ከሁሉ የምታንሰው ሂልያ ነበረች፣ ስድስት ዓመት ያልሞላት። ከወደቀችበት ተነሥታ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገችና ታርሞን ቀና ብላ አየችው።

"መድኃኒት ወስዶ ያታለለው አንተ ነህ?" አለችው፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ።

የቆሙት ወላጆች መሬት መሬት አዩ። ኢምፒ እግሯ ወደ ልጆቹ ሊሄድ ሲል ተቆጣጠረችው።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ ታርሞ።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች።

"እሺ" አለች። "ጉልበቴን የማጥፈው እንዲህ ነው?"

"ትንሽ ጨምሪ።"